ሰላሳ አራት ደቂቃ

በሆስፒታሉ ስሜን የሚያውቅ የለም። ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም «ሽቦው» ነው የሚለኝ። ስሙን ያወጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እዚያው በነርስነት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ እኔንም የኮምፒውተር ጥገና ላይ ያስቀጠረችኝ እሷ ናት። አፌን ሞልቼ «እትዬ» የምላትን ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ሐሙስ ዕለት በገዛ እጄ ገደል የከተትኳት።

ማክሰኞ አንድ በሽተኛ ሞተ። የዶክተሮቹ ክፍል ኮምፒውተር እንደመዘገበው ከሆነ፣ ዶክተሩ መርፌ ያዘዘው ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። እህቴ መርፌውን ወግታ በነርሶቹ ኮምፒውተር ያስገባችው ደግሞ ዘጠኝ ከአርባ ስድስት። አርባ አንድ ደቂቃ ዘገየች ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሐሙስ ከሰዓት ውሳኔ ሊሰጥ ሆነ።

«ሰባት ደቂቃ ነው» አለችኝ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደረቷ ላይ የምታንጠለጥላትን ትንሽ ሰዓት እየነካካች። «ትእዛዙ ስክሪኔ ላይ ሲመጣ ሰዓቴን አይቻለሁ፣ ስወጋውም አይቻለሁ። አንተ ልጅ፣ እነዚያ ቆርቆሮዎችህ ምን ነክቷቸው ነው?»

የእኛ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት አያውቁም። የበሽተኛ ምስጢር እንዳይወጣ ተብሎ እርስ በርስ ብቻ ነው የሚነጋገሩት። ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ የሚነግራቸው ስለሌለ፣ ሁሉም ዕቃ ቤት ካለው አንድ አሮጌ ሰርቨር እንዲጠይቁ ተደርጎ ነበር። ሰርቨሩ ግን ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስለሞተች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመቱን ሳይቀር ይረሳል። ሌሎቹም ልዩነቱ ሲበዛባቸው አናምንህም ብለው ትተውታል፤ ሲሠሩም እንዲያ ነው የተሠሩት። ስለዚህ በየሰኞው ሃያ ሦስቱንም ክፍል እየዞርኩ በእጅ ሰዓቴ አስተካክልና ቅጽ ላይ እፈርማለሁ።

የዶክተሮቹ ክፍል ሰኞ ሰኞ ይቆለፋል። ቁልፉን ለመጠየቅ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አለ። ሁለት ሰኞ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰነፍኩና የእነሱን መስመር ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ መፈረም ጀመርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ እንደተከፈተ ገባሁ። ኮምፒውተሩን አየሁ፣ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ሰላሳ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል! የሱም ባትሪ ተዳክማለች፤ ማታ ማታ ሲጠፋ ሰዓቱ ይንቀራፈፋል። የነርሶቹ ግን በየሳምንቱ የማስተካክለው ስለሆነ ልክ ነበር። ስለዚህ ዶክተሩ ዘጠኝ ከአምስት ላይ አዘዘ የተባለው፣ በእውነቱ ዘጠኝ ከሰላሳ ዘጠኝ ላይ ነው ያዘዘው። እህቴ እውነቷን ነው። በደስታ ጮቤ ረገጥኩ።

ምናለ እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ? ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፎቶ ማንሳት፣ አንድ ሰው ጠርቶ ማሳየት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የተበላሸ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ዕቃ ቤት ሮጥኩ፣ የሰርቨሩን ባትሪ ቀየርኩ፣ ሰዓቱን ሞላሁ። የዶክተሮቹ ኮምፒውተር ይሰማው እንደሆነ ልሞክር ብዬ ተመለስኩና ልዩነቱ ቢበዛም ተቀበል የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩለት። ተቀበለ። ሰላሳ አራቱ ደቂቃ ዓይኔ እያየ ጠፋ።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ ለውጡን የሆነ ቦታ መዝግቦት እንደሆን ብዬ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ዲስኩ ሞላብኝ ብዬ እንዲህ ያለ ለውጥ የሚጻፍበትን መዝገብ ከወራት በፊት የዘጋሁት ራሴ ነኝ።

ከሰዓት የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ሊያይ መጣ። በሰከንድ እንኳ አይለያዩም።

«የታለ ልዩነቱ?» አለኝ።

«ጠዋት ነበረ። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«እኛ ሳናየው?»

«እጄ ቀደመኝ፣ ጌታዬ።»

ቅጹን ከፋይሉ አወጣ። «የዚህ ሰኞ ፊርማ ያንተ ነው? የዶክተሮች ክፍል፣ ተስተካክሏል ይላል።»

«ፊርማው የኔ ነው፤ ግን ውሸት ነው። ክፍሉን ከረገጥኩት ወራት ሆኖኛል። እኔን ቅጡኝ፣ አባሩኝ። እሷን ግን ተዉአት።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ወንድሟ ነህ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ለእህቴ ብዬ እንዲህ አደርግ ነበር።»

ከስንት ወር ውሸት በኋላ አንድ እውነት ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ። ቅጹን ፋይሉ ውስጥ መልሶ ወጣ።

እህቴን መተላለፊያው አግዳሚ ላይ አገኘኋት። ከሥራ አሰናብተዋታል። ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብታጮለኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«ሽቦው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ምናልባት እኮ ዘግይቼ ይሆናል።»

«እትዬ፣ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! ሰላሳ አራት ደቂቃ ነው።»

«ጽፈኸዋል?»

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ዳበስኩት።

«ሰላሳ አራት ነው? ሃያ አራት አይደለም?»

ጠዋት ያየሁትን ስክሪን ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰላሳ አራት ነበር። ሰላሳ አራት ይመስለኛል። ከፍቼ ሳያት መልሱን ከፊቴ ላይ አንብባዋለች።

ሰዓቷን ከደረቷ ፈታ ጋውኑ ላይ አስቀመጠቻት።

«በሽተኛው እስከ መጨረሻው ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም ነበር» አለች። «ቶሎ የደረስኩለት መስሎኝ ነበር።»