እሷ ያልነበረችባቸው አሥራ አራት ቀናት

እና ጩኸቷ የለችም፣ አንዴ እንኳ፣ አሥራ አራቱን ቀን በሙሉ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ሰምታዋለች፣ ወባ ጥሏት ከተማ ተኝታ ሳለ ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ታስሮ የቀረው የድምፅ መቅጃ የቀዳው ነው፣ ጦጣዎቹ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ግልገሎቻቸው ያለቃቅሳሉ፣ ንስር ሁለቴ አልፏል፣ ሽማግሌው የጫካ ዘበኛ በደብተራቸው አስፍረውታል፣ ያኔም ጭጭ፣ ያቺ አጭር ድርብ ጩኸት ግን፣ ሰባት ዓመት ሙሉ «ንስር መጣ» ማለት ናት ብላ በጥናቷ የጻፈቻት፣ የለችም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ብቻ ጩኸቷ አለች። ከዚያ የሚረገጥ ቅጠል። ከዚያ የራሷ ሳል።

ንስሩ እሷ ነበረች።

ሰማዩ መቼ ንስር አጥቶ ያውቃል፣ ጩኸቷን በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፣ አንዱ ይዞራል፣ ትጽፋለች፣ ጦጣዎቹ ግን ወደ ላይ አያዩም ነበር እኮ፣ ወደ እሷ ነበር የሚያዩት፣ እንዴት አላስተዋለችም? ጥናቱ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ አለበት፣ ፕሮፌሰሩ ሁለቴ ደውለዋል፣ ምን ትበላቸው፣ ሰባት ዓመት ያጠናሁት የራሴን መምጣት ነው? ዘበኛውን ጠዋት ጠይቃቸዋለች፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር? እንዴ ልጄ፣ አንቺ ስትመጪ አይደል እንዴ የሚጮኹት፣ እኔማ ጩኸቷን ስሰማ ነው ልቀበልሽ ኮፍያዬን የማደርገው፣ ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ አልጠየቅሽኝማ። አልጠየቅሽኝማ! ዲግሪ በዲግሪ ደራርባ ዘበኛ መጠየቅ አቃታት፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት።

ሌላ ጩኸት ይመጣባታል፣ ከጫካ ያልሆነ፣ እናቷ ጋ የምታድገው ልጇ፣ በወር አንዴ እሷ በሩን ስታንኳኳ እማማ፣ መጣች! ብላ ሮጣ በአያቷ ቀሚስ ሥር የምትሸጎጠው፣ ደስ ብሏት ነው ስትል ኖራለች፣ ልጅ አይደለች፣ አፍራ ነው። ማን ነገራት? ማንን ጠየቀች?

ስልኩን ታነሳለች። እማዬ፣ እኔ የሌለሁ ጊዜ ምን ታደርጋለች? ማን፣ ልጅሽ? ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ፣ ምን ታደርጋለች፣ ስትዘፍን ነው የምትውለው፣ ይኸው አሁንም እያንጎራጎረች ነው፣ ልጥራልሽ?

ስትዘፍን ሰምታት አታውቅም። አንድም ቀን።

አትጥሪያት እማዬ፣ ስልኩን ሳትዘጊ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ እኔ መሆኔን አትንገሪያት። የቢሮው ስልክ በጎን ይጮኻል፣ ፕሮፌሰሩ ናቸው፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ እሷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትሰማለች።