አማትና ምራት ባንድ ጠረጴዛ

ምራቲቱ የቴክኒክ ኮሌጅ የገባችው የኤሌክትሪክ ሙያ ስለወደደች ብቻ አልነበረም። ከአማቷ ዓይን ራቅ ብላ የምትተነፍስበት ቦታም ፈልጋ ነው። ትምህርቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ፣ አማቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ክው ብላ ቀረች።

«እማማ፣ ምን ሆነው መጡ?»

«ተመዝግቤ ነዋ! ላንቺ የተፈቀደ ለኔ ይከለከላል?»

ክፍሉ ከየሰፈሩ የተለቃቀመ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ልጇን አዝላ የምትመጣ ልብስ ሰፊ፣ ቋንቋው ገና ያልገባው ስደተኛ፣ በእጅ ምልክት የምታወራ መስማት የተሳናት ልጅ። ማን ማንን እንዴት ብሎ እንደሚጠራ ግራ ሲጋቡ፣ ወጣቱ መምህር ነገሩን ባጭሩ ቆረጠው።

«እዚህ አንቱ የለም። ‹እባክዎ እጅዎን ያንሱልኝ› ብለን እስክንጨርስ ሰው ይቃጠላል።»

አማቲቱ ደንቡን ወደዱት። ወታደሩ «አንቺ ሴትዮ፣ ፒንሳውን አቀብይኝ» ሲላቸው ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ባንድ ጠረጴዛ የተመደበችው ምራታቸው ግን «አንቺ» ለማለት አፏ እምቢ አላት።

አንድ ቀን የአምፖል መስመር ሲዘረጉ፣ አማቲቱ ኃይሉ የጠፋ መስሏቸው የተላጠውን ሽቦ ሊይዙ እጃቸውን ሰደዱ።

«ተይ! እጅሽን አንሺ!»

የጮኸችው ምራቲቱ ነበረች። አማቲቱ እጃቸውን ሰበሰቡ። መምህሩ ኃይሉን አጠፋና ትምህርቱን ቀጠለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ይቅርታ እማማ፣ ደንግጬ ነው።»

«መደንገጡንስ ደንግጠሻል። ድምፅሽ ግን የቆየ ነገር ነበረበት። መምጣቴ ከብዶሻል?»

ምራቲቱ መዋሸት ትችል ነበር።

«ከብዶኛል። ለራሴ የምሆንበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።»

«እኔ እኮ አንቺን ልጠብቅ አልመጣሁም። ሁላችሁም ስትወጡ ቤቱ ይበላኛል። ግድግዳ ላይ እንዳፈጠጥኩ ይመሻል።»

ምራቲቱ ይህን አስባው አታውቅም። ማታ ባሏ «ትምህርት እንዴት ዋለ?» ሲል ሁለቱም «ደህና» አሉት፤ እሱም አመነ።

በሳምንቱ አማቲቱ ወደ ጠዋቱ የቧንቧ ሥራ ክፍል ተዛወሩ። መምህሩ ለምን ሲላቸው «ኤሌክትሪክ ለልቤ አልሆነም፤ ውሃ ይሻለኛል» ብለው አለፉት። ምራቲቱ ከመስማት ከተሳናት ልጅ ጋር ተመደበች፤ በምልክት «ቆዪ» እና «አብሪው» ማለት ለመደች። ለራሷ የምትሆንበትን ሰዓት አገኘች። መጀመሪያ ላይ አማቷን ያባረረች መስሏት ትንሽ አፈረች፤ ኋላ ግን ለመደችው።

አማቷ ሲወጡ እሷ ስትገባ ኮሌጁ በር ላይ ይተላለፋሉ። አንድ ቀን አማቲቱ ከራስ እስከ ወገብ በስብሰው ብቅ አሉ።

«ቧንቧው ፊቴ ላይ ፈነዳብኝ! ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ» አሉ፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ምራቲቱ ሻርፗን አውልቃ አለበሰቻቸውና ወደ ክፍሏ ገባች።