የነስሪያ መደርደሪያ

ነስሪያና ፋጡ አረብ አገር፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ፋጡ መደርደሪያ የሚሠራ አናጢ እንጥራ ብትል፣ ነስሪያ «እኔ እያለሁ?» ብላ ሳቀችባት። መሰርሰሪያ ስላልነበራት ሚስማር በጋዝ አግላ ጣውላውን በሳች፤ በመዶሻ ፈንታ በዘነዘና እየመታች ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ፋጡ ድስቶቹን ደርድራ ሳትጨርስ ግን ተነቅሎ እግሯ ላይ ወደቀ።

ጎረቤታቸው ድምፁን ሰምታ መጣች። ፋጡ ያበጠ እግሯን ይዛ፣ «እኔው ነኝ፤ ተንጠላጥዬበት ነው» አለቻት።

ጎረቤቲቱ ስትሄድ ነስሪያ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ የፋጡን እግር ያዘች።

«ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

ነስሪያ ከሐፍረቷ የተነሳ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።