ብረት ያነሳት ቨርዴል

ቨርዴል እንክብሉን አንድም ቀን አላጎደለችም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ ሌላ ስለሚባል።

ክብደቷ እንዲቀንስ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ሊያሳንሱላት ቀን ተቆርጦ ነበር። ደሟ ሲመረመር የብረት ማዕድን አንሶ ተገኘና እስከዚያው እንክብል እንድትውጥ ታዘዘላት። ዋጠች። ምሳም እራትም ላይ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ሰው ሁሉ ምግቡን በሚያወራርድበት በረዶ ያለበት ቀዝቃዛ ሻይ። ስኳሩን እንኳ ትታ ነበር፤ ይህ ለዚያ አገር ሰው ቀላል አይደለም።

ሻዩ ሲያልቅ በረዶውን ትቆረጥማለች። የባሏ እህት ኦሊታ «አንቺ ሴትዮ፣ ፍሪጁንም ቆርጥሚውና እንገላገል» ትላታለች። ቨርዴልም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ለቀዶ ጥገናው የቸኮለችው ወዳ አይደለም። ባሏ ሊላንድ የሚሠራበት የዶሮ ፋብሪካ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ሊዘጋ ነው። የጤና ዋስትናዋ ደግሞ በእሱ ሥራ ነው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ አብሮ ያበቃል። ጉልበቷ የልጇን ቤት ደረጃ አያስወጣትም፤ አዲስ የተወለደችውን የልጅ ልጇን የምታቅፋት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ነው።

በቀጠሮው ቀን ወጣቱ ዶክተር የደሙን ውጤት አየና ተነፈሰ።

«ወይዘሮ ቨርዴል፣ ብረቱ ጭራሽ ወርዷል። እንክብሉን አልወሰዱም።»

«ወስጃለሁ።»

«ሰው ነዎት፣ ይረሳል። ግን እውነቱን ይንገሩኝ።»

ቨርዴል ደሟ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ የምትሰማው ይህንኑ ነው፤ ወፍራም ሰው በላሁ ቢል አይታመን፣ አልበላሁም ቢል አይታመን።

«ስትውጥ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አብሯት የመጣው ሊላንድ። «በየማዕዱ፣ በሻይዋ። ከዚያ በረዶዋን ትቆረጥማለች።»

የዶክተሩ እጅ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። «በሻይ? ሻይ እኮ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። በረዶ የሚያስቆረጥምዎትም የብረት ማነሱ ነው። ማንም አልነገረዎትም?»

«ስኳር ተዪ ተባልኩ፣ ተውኩ። ዳቦ ተዪ፣ ሥጋ ቀንሺ ተባልኩ፣ እሺ አልኩ። ሻይ ተዪ ያለኝ ማን ነው? አንተ ልጅ፣ አንተ ነህ?»

ዶክተሩ ወደ ደሙ ውጤት ተመለሰ። «በዚህ ደም ቢላ ማንሳት አልችልም» አለ። «በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፣ እሱን ዋስትናው እስኪፈቅድ ጊዜ ይወስዳል። ቀዶ ጥገናው ለመጋቢት ይሁን።»

«መጋቢት ላይ ዋስትና የለኝም።»

«አዝናለሁ።»

«ዘመኔን ሁሉ በዛብሽ፣ በዛብሽ ስትሉኝ ኖራችሁ። ዛሬ ገና አነሰሽ ተባልኩ፤ እሱም ለመከልከል ሆነ።»

ዶክተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ መጻፍ ጀመረ።

«ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?» አለችው።

«‹መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት አልወሰዱም›» አለ ዓይኑን ሳያነሳ። «ቅጹ ወስደዋል ወይም አልወሰዱም ነው የሚለው፣ ሌላ ምርጫ አይሰጥም።»

ሊላንድ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቨርዴል ክንዱን ተደግፋ ብድግ አለች።

«ተወው» አለችው። «ወፍራም ሴት ዋሸች ቢባል ማን ይገረማል?»