የሳሊማ እናት ድምፅ

ሰራዊት ከአሶሳ ባምባሲ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ መጡ፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። መኪናው ውስጥ ሬዲዮ አይከፍትም። ከየሰዉ ስልክ እየለቃቀመ በፍላሽ ያጠራቀመው ዘፈን ነበረው፤ የወሎው፣ የሱዳኑ፣ ሙሽራ ሲያጅብ ያገኘው የበርታ ብሔረሰብ የሰርግ ዘፈን ሳይቀር።

አንድ ጠዋት የሰርጉ ዘፈን ሲጀምር ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ጮኸች።

«ሹፌር! ይሄ የእናቴ ድምፅ ነው!»

ሳሊማ ናት፤ ባምባሲ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ ደንበኛው። እናቷ በየሰርጉ ግጥም ከራሷ እያወጣች የምትዘፍን ሴት ነበረች። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋ የተቀዳበት ነገር በቤታቸው አልነበረም። ሳሊማ ዘፈኑ እስኪያልቅ አለቀሰች።

«ድገመው ወንድሜ» አለችው። ደገመላት።

ስትወርድ «ነገ በሚሞሪ ካርድ ገልብጬ አመጣልሻለሁ» አላት።

በማግስቱ ጎማ ፈነዳበት። ከዚያ ወዲያ ባገኘችው ቁጥር «ነገ» ይላታል፤ እሷም «እሺ» ብላ ትሄዳለች።

የዘመን መለወጫ ሰሞን አዲስ ዘፈን ሊያስጭን አሶሳ አንድ ሱቅ ገባ።

«ፍላሽህ ሞልቷል። የድሮውን ላጥፋው?» አለው ባለሱቁ።

ሰራዊት በስልክ እያወራ ነበር። «አጥፋው» አለ።

ትዝ ያለው በማግስቱ ሳሊማን ባምባሲ መናኸሪያ ቆማ ሲያያት ነው። መኪናውን አዙሮ ወደ ሱቁ በረረ፤ የጠፋው አልተመለሰም። የሙሽራው መንደር ድረስ ሄደ፤ ዘፈኑ የተቀዳበት ስልክ ከተሸጠ ቆይቷል።

በመጨረሻ ቤቷ ሄደ።

«አጠፋሁት ሳሊማ። በገዛ አፌ አጥፋው ብዬ አስጠፋሁት።»

ሳሊማ «ዘፈኑ ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ያን ቀን ለቅሶ ይዞኝ፣ ቃሉን ደህና አልሰማሁም። አንተ ሁልጊዜ ትሰማ ነበር።»

ሰራዊት አንገቱን ደፋ። ያን ዘፈን ስንት ዓመት ቢያዳምጥም የበርታ ቋንቋ አያውቅም፤ ትርጉሙን አንድም ተሳፋሪ ጠይቆ አያውቅም።

«ዜማውን ብቻ ነው የማውቀው።»

«እሱን በል።»

በተሰበረ ድምፅ አንጎራጎረላት። መሃል ላይ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ። ሳሊማ መሬት መሬቱን እያየች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«የእናቴ እንዲህ አይደለም» አለች በቀስታ።