አራተኛው ጥያቄ

«አባዬ፣ ትከሻህን ሰብሰብ አድርገው!»

«ከዚህ በላይ ወዴት ልሰብስበው? ሰው እንጂ ጃንጥላ አይደለሁም እኮ ሚጣ!»

ዳቦ ጋጋሪው ቀኝ ክንዱ በጥቁሩ የመጥለቂያ ልብስ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ግራው ውጭ ቀርቶ፣ በማቡኪያው ማሽንና በዱቄቱ ጆንያዎች መካከል በአንድ እግሩ ይዘላል። ልጁ ከኋላው ሆና ልብሱን ወደ ላይ ትጎትታለች። የቀኑ ዳቦ ተሸጦ አልቋል፤ ሠራተኞቹም ወደየቤታቸው ሄደዋል። ምድጃው ግን ገና ስላልበረደ ክፍሉ ይወብቃል፤ አባትና ልጅ በላብ ተጠምቀዋል።

ልብሱ ወፍራም ጎማ ነው። ሦስት ወር በሰለጠኑበት መዋኛ ገንዳ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፤ የገንዳው ውሃ ለብ ያለ ነው። ከነገ ወዲያ የሚሄዱበት ሐይቅ ግን ሌላ ነው። በዚህ በእረፍት ወቅት ላይ ላዩ ሞቆ ልጆች ይንቦጫረቁበታል፤ አሥር ሜትር ወረድ ሲሉ ውሃው ስድስት ዲግሪ ነው። ጋጋሪው ይህን ቁጥር ከሰማ ወዲህ ብርዱን ሲፈራ ሰንብቷል። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ፊት የቆመ ሰው ስድስት ዲግሪን የሚያውቀው በእርሾ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ታዲያ ብርዱን ብቻ የፈራ እንዳይመስላችሁ። ከብርዱ የባሰ የሚፈራው ነገር ነበረው፤ እሱን ግን ለማንም አልተናገረም።

«አሰልጣኟ ካልገባላችሁ ፓውደር ነስንሱበት አላለችም?» አለ እያለከለከ።

«ብላለች። ግን ፓውደር የለንም።»

«ዳቦ ቤት ውስጥ ቆመሽ ፓውደር የለንም ትያለሽ?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከዳቦ ጋጋሪ በቀር ማንም አያደርገውም። ከጆንያው በግራ እጁ ዱቄት ዘግኖ እጅጌው ውስጥ በተነው። ደገመው። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀውን ቆብም ገልብጦ በደንብ ነሰነሰበት፤ ሊጥ የሚዳምጥበትን ጠረጴዛ ዘወትር እንደሚነሰንሰው። እውነትም ክንዱ ሸርተት ብሎ ገባ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች።

«አባዬ፣ በዚህ ላብህ እኮ ልትቦካ ነው!»

«ቦክቼ ኩፍ ካልኩ እሰየው ነው፤ አልሰምጥም።»

የጀርባውን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋችለት። ቆቡንም አንስታ ጭንቅላቱ ላይ ስታጠልቅለት ዱቄቱ ፊቱ ላይ ቦነነ። ጋጋሪው ሳያስበው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

መጀመሪያ ጉሮሮውን ቧጨረው። ሳል ተከተለ፤ ከሳሉ በኋላ ደረቱ ታሰረ። ሙሉ የዱቄት ጆንያ የተጫነበት ያህል ከበደው፤ ከአፉ የሚወጣው ቀጭን ፉጨት ብቻ ሆነ። ልጅቷ ሳቋን ሳትጨርስ ቆቡን መንጭቃ አወለቀች። ዚፑን ሳበችው፤ ጣቶቿ በዱቄትና በላብ ስለተለወሱ አዳለጣት። እንደገና ሳበች፤ አሁንም እምቢ አላት።

«አባዬ! ቆይ! ቆይ፣ እከፍተዋለሁ!»

በሦስተኛው ተከፈተላት። ደግፋው በጓሮው በር አወጣችውና ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«ውሃ...» አለ፤ «ከላይ... ከቤት... ቀዝቃዛ።»

ውሃ እዚያው አጠገባቸው በባልዲ ነበር፤ እሷ ግን በድንጋጤ ልብ አላለችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ውስጥ ተመለሰና ከመደርደሪያው ላይ፣ ከእርሾ ቆርቆሮዎቹ ጀርባ የደበቃትን ሰማያዊ የአስም መርጫ አወጣ። ሁለት ጊዜ ወደ አፉ ረጨና ቦታዋ መለሳት። ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጋጋሪው በሽታውንም መድኃኒቱንም ደብቋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ የዱቄት አስም እንደያዘው ሲነግረው አንገቱን ነቅንቆ ወጣ፤ ለሚስቱ «ጉንፋን ነው» አላት። ከሦስት ወር በፊት ደግሞ የሥልጠናውን የጤና ቅጽ ሲሞላ ልጁ አገጯን ትከሻው ላይ አስደግፋ ታይ ነበር። አራተኛው ጥያቄ «አስም አለብዎት?» ይላል። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እሱ ወደ ሥራ ሲወጣ እሷ ትተኛለች፤ እሱ ተመልሶ ሲተኛ እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ አባትና ልጅ እንዲህ ሲተላለፉ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ከዚህ እረፍት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። «አብረን እንጥለቅ» ብላ የጠየቀችው ራሷ ናት። እንዴት ብሎ እምቢ ይበላት?

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ብርጭቆውን እያቀበለች።

«ዱቄቱ ሰርኔ ገብቶ ነው። አለፈ አሁን።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ውሃ ውስጥ ቢሆን ግን እንዲህ አልደነግጥም ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«ተለማምጃለሁ። አንተ ሳትኖር አሰልጣኟን ለብቻዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ በደረቱ በኩል ያለውን ማሰሪያህን እይዛለሁ፣ እንደዚህ። ከዚያ የእኔን ትርፍ መተንፈሻ አፍህ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ ቀስ ብለን እንወጣለን።»

«እኔ መተንፈስ ባልችልስ?»

«ይዤህ እቆያለኋ። አልለቅህም።»

ይህን ያለችው ለማጽናናት ነበር። ጋጋሪው ግን ፍርሃት ያን ጊዜ ገና አጥንቱ ድረስ ገባ። ልጁን ያውቃታል፤ አልለቅም ካለች አትለቅም። እስካሁን ሲጨነቅ የነበረው ለራሱ ሳንባ ነበር፤ ስድስት ዲግሪው ውስጥ እሱን ይዛ የምትቀረውን አንድም ቀን አላሰባትም። አፈረ።

ስልኳ ጮኸ። አሰልጣኟ ናት፤ ልጅቷ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ጤና ይስጥልኝ። የሐይቁን ቅጽ ገና አልላካችሁልኝም እኮ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እፈልገዋለሁ።»

«አሁን እየሞላነው ነው!»

«በጥንቃቄ ሙሉት እሺ? እዚያ ታች የምትተነፍሱት አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ሳንባ ላይ ቀልድ የለም። አባትሽ ደህና ናቸው? የተለወጠ ነገር የለም?»

«ምንም የለም፤ ሁሉም እንደ በፊቱ ነው» አለች ልጅቷ በእሱ ፈንታ።

«ጥሩ። ደግሞ አብሯት የሚጠልቅ ጥንድ ያላገኘች አንዲት ነርስ አለች። ከእናንተ ጋር ባደርጋት ቅር ይላችኋል?»

«አዎ ቅር ይለናል!» ሳቀች። «እኔና አባዬ ብቻ ነን የምንገባው።»

ስልኩን ዘግታ ቅጾቹን ማቡኪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አሥር ከሃያ ሆኗል። የራሷን ሞልታ ስትጨርስ የእሱን ሳበችና ከድሮው ላይ እያየች መገልበጥ ጀመረች።

«የልብ ሕመም፣ የለም። የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የለም። ራስ መሳት፣ የለም...»

«ቆይ ሚጣ።»

ልብሱ ወገቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነሳ። ወደ መደርደሪያው ሄዶ የእርሾ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን አደረገ። ተመልሶ ሰማያዊዋን መርጫ ቅጹ አጠገብ አስቀመጣት።

«አራተኛውን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ መርጫዋን አየች። ከዚያ እሱን አየች። አላነበበችም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ሁለት ዓመት! እና እንደዚህ ሆነህ ከእኔ ጋር ልትገባ ነበር?»

«ከአንቺ ጋር ስለሆነ ነው የዋሸሁት። አሁን ደግሞ አልለቅህም አልሽኝ።»

«ታዲያ ልለቅህ ነበር?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ስንት ወር ነው የጠበቅኩት አባዬ? እኔና አንተ ብለን እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ ልጄ።»

ፊቷን ወደ ጓሮው አዞረች። በክርኗ ዓይኗን ስትጠርግ ጉንጯ ላይ ዱቄት ቀረ። ሊጠርግላት እጁን ሰነዘረና፣ የእሱም ዱቄት መሆኑን አይቶ መለሰው።

«እማዬ ታውቃለች?» አለች በመጨረሻ።

«ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። አንቺም አብረሽኝ ሁኚ፤ ብቻዬን አልችላትም።»

ልትስቅ ዳር ዳር አለችና ተወችው። «አንተስ? እዚህ ልትቀር ነው?»

«ምን ቆርጦኝ! ጀልባው ላይ ነኝ። ስትወጪ ብርድ ልብስ ይዤ የምጠብቅሽ እኔ ነኝ። እሱን ሥራ ማንም አይቀማኝም።»

ብዕሩን ከጣቶቿ መካከል ወሰደ። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ከሥር ፈረመ፤ አውራ ጣቱ ወረቀቱ ላይ ነጭ አሻራ ተወ። ከዚያ ስልኩን ወደ እሷ ገፋው።

«ነርሷን ሌላ ሰው ሳይወስዳት ደውዪ።»