የነሽዋን ሆድ

ነሽዋን የመጣ ቀን ዶክተር ሙጢ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው ቀዶ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ መሣሪያ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን የመን፣ ኢብ ከተማ ውስጥ ባለችው ሆስፒታላችን ከሱ ሌላ የሚቀድ፣ ከኔ ሌላ የሚያቀብል አልነበረም።

ልጁ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቱ ተቂያ ከተራራው መንደር በጭነት መኪና አቅፋው ወረደች፤ አያቱ ሐጃ ቀቡል አብረው መጡ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ የሚያስመልሰው አረንጓዴ ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሰገራም አየርም አልወጣውም። አባትየው ድንበር ተሻግሮ ሳውዲ፣ ጂዛን ሥራ ላይ ነው። ሐጃ ቀቡል ማንም ሳይጠይቃቸው ጥፋተኛዋን ነገሩን፦ ምራታቸው ናት፤ ልጁን አፈር ላይ ትለቀዋለች፣ ያልታጠበ ካሮት ታስበላዋለች። ተቂያ የልጁን አፍ ጠረገች።

ሆዱ ሲከፈት ወስፋት ሆኖ ተገኘ። ትሎቹ ተቋጥረው ቀጭን አንጀቱን ደፍነውታል። ዶክተር ሙጢ አንጀቱን ሳይቀድ በጣቶቹ ቀስ እያለ ገፍቶ ቋጠሮውን ወደ ትልቁ አንጀት አሳለፈው። ከዚያ የቀረውን አንጀት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ነበረበት። ግማሹን አየና ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበርና ምንም አላልኩም። "በቃ፣ እንስፋው" አለ።

ሐጃ ቀቡል የትሉን ነገር ሲሰሙ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አወሩ። ተቂያ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ትሎቹ በሰገራ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ግን ሆዱ መልሶ ተነፋ፤ አረንጓዴው ትውከትም መጣ። ዶክተር ሙጢ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እንደገና መክፈት እንዳለበት ነገራቸው።

"አንዴ ተቀዷል፣ ይበቃዋል" አሉ ሐጃ ቀቡል። "የሚሞትም ከሆነ ቤቱ ይሙት።"

"ሐጃ፣ ያን ዕለት አንዱን ምክንያት ሳገኝ ሌላ መፈለግ ተውኩ" አላቸው። "ደክሞኝ ነበር።"

ሐኪም ለበሽተኛ ቤተሰብ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን የራሴን አልተናገርኩም። ሐጃ ቀቡል ልጃቸው ጋ ሊደውሉ ስልካቸውን ሲያወጡ ተቂያ ተነሳች።

"ስልኩን ያስቀምጡት፣ ሐጃ። እናቱ እኔ ነኝ። የት ጋ ነው የምፈርመው?"

ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክሬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩላት።

ያመለጠን ነገር እዚያው ነበር። ከእምብርቱ ተነስታ አንጀቱ ላይ የተጣበቀች ቀጭን ጅማት፤ ከጽንስ የተረፈች። አንጀቱ በሥሯ ሾልኮ ተጠምዝዞ ጠቁሯል። ዶክተር ሙጢ አንድ ስንዝር የሚያህለውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን አገናኘ። ከዚያ የቀረውን አንጀት ሁለት ጊዜ በጣቶቹ መሃል አሳለፈው። እኔም አብሬው ተመለከትኩ።

ውጭ ወጥቶ አስረዳቸው፦ ትሉም ነበር፣ ጅማቷም ነበረች፤ ሁለቱ ተጋግዘው ነው የዘጉት። ጅማቷን ደግሞ ይዟት ነው የተወለደው፤ ማንም አላጠፋም።

"ከማን ሆድ ነው ይዟት የመጣው?" አሉ ሐጃ ቀቡል ተቂያን እያዩ።

"እርስዎ ከወለዷቸውም አንዱ ይዟት ይሆናል፤ ከፍተን አላየናቸውም" አለ ዶክተር ሙጢ።

ሐጃ ቀቡል ዓይናቸውን ከተቂያ ላይ አነሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንጀቱ መሥራት እስኪጀምር መጠበቅ ነው። ዶክተር ሙጢ ጠዋት ጠዋት እየመጣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ "ፈሳ?" ሐጃ ቀቡል በሰው ፊት እንዲህ ሲባል በሻሻቸው ይሸፈናሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ተቂያ ልጁ አጠገብ ተቀምጣ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ደንግጣ ትነቃለች። እኔም ሌሎች አልጋዎችን ሳዳርስ ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ እጅ ጋዋኔን ከኋላ ሳብ አደረገው። ሐጃ ቀቡል ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ፈስቷል። ተቂያ እንቅልፍ ወስዷታል፣ አትቀስቅሷት።"